«ማን ላከህ?» ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። የላከልኝ አብሮኝ የሚያገለግል ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡት፤ እኔን አሳምኖኛል» ይላል መልእክቱ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ለወንጌል ያላቸው ቅናትም ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ አብያተ ክርስቲያናት በኅብረት ሆነው ለአገልጋዮቻቸው የሚሰጡት የአገልግሎት ምስክር ወረቀት የመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት የለውም። ጥሪ ከእግዚአብሔር ስለሆነ የሰው ማኅተም አይጨምርበትም። ታላላቆቹ ሰባኪዎች ያለ ወረቀት አገልግለዋል። ወረቀቱ ማዕረግ አሳዳጅ አፍርቷል፤ ከውድቀትም አላዳነም። አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይዋን ካወቀችው ይበቃል።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ወጣቱ በዚያው ሳምንት የዚህኑ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ ሊያስገባ ቅጹን ሞልቶ ጨርሶ ነበር። ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላነሳ ተገድጃለሁ። ለጸሐፊው ካለኝ አክብሮት ጋር ነው። እኔ ራሴ በአንድ ኅብረት ውስጥ አገልጋይ ነኝ። እጩዎችን በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥም ለዓመታት ተቀምጫለሁ። የወረቀቱን ጥቅምም ጉድለቱንም ከቅርብ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ዲግሪ አይደለም። ዲግሪ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ አንዴ ከተሰጠ ዕድሜ ልክ ነው። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ግን ኅብረቱ «ይህን ሰው እናውቀዋለን፤ ሕይወቱንና ትምህርቱን ጠይቀናል፤ ቢያጠፋ እኛን ጠይቁን» ብሎ የሚፈርምበት ነው። ይታደሳል፣ ይታገዳል፣ ይነጠቃል። እንደየኅብረቱ ደረጃም አለው። ለምሳሌ አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የሚባለው የአሜሪካ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በሦስት ደረጃ ነው የሚሰጠው፤ ከታችኛው ደረጃ ተነስቶ እስከ ሙሉ ሹመት። ጸሐፊው ይህንና ዲግሪን አንድ አድርገው ስላዩት ከክርክራቸው ግማሹ ያረፈው የትምህርት ቤት ዲፕሎማ ላይ ነው። እሱን ግማሽ እኔም እስማማበታለሁ። ዲፕሎማ እረኛ አያደርግም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

ጸሐፊው የጀመሩት ከሐዋርያት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ ይላሉ፤ የሐዋርያት ሥራ 4ን ጠቅሰው። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 3 የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልገኝም ብሏል ይላሉ።

የጴጥሮስና የዮሐንስ ነገር ብዙ አያከራክርም። ሸንጎው ያልተማሩ መሆናቸውን ባየበት በዚያው ቁጥር ላይ ከኢየሱስ ጋር እንደ ነበሩም አውቋል። ጌታ ራሱ በስም የጠራቸውን፣ ከእግሩ ሥር ያሳደጋቸውን ሰዎች ማን መሸኛ ይጠይቃቸዋል? ከእነሱ ጋር ራሳችንን ባናስተካክል ጥሩ ነው።

የጳውሎስ ግን ቆም ተብሎ ሊነበብ ይገባል። ጳውሎስ የድጋፍ ደብዳቤ ከንቱ ነው አላለም። ያለው፣ ወደ እናንተ ስመጣ ደብዳቤ ያስፈልገኛል ወይ? ነው። «ወደ እናንተ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። የቆሮንቶስን ቤተ ክርስቲያን የተከላት እሱ ነው። አንድ ዓመት ከስድስት ወር እዚያው ተቀምጦ አስተምሯል። አባት ልጆቹ ቤት ሲገባ መታወቂያ አያሳይም። ይህን አንስቶ የትም የማይታወቅ ሰው የትም ቦታ ሲሄድ አይጠየቅ ማለት የጳውሎስን ቃል ከቤቱ አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል ነው።

እንዲያውም ያቺው ቆሮንቶስ ሌላ ሰው በደብዳቤ ተቀብላለች። አጵሎስ ይባላል። የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ታሪኩን ተመልከቱት። ንግግር አዋቂ ነው፣ በመጻሕፍት የበረታ ነው፣ በመንፈስ የሚቃጠል ነው። ዛሬ ቢሆን በአንድ ቀን መድረክ እናስረክበው ነበር። ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የጎደለውን ሞሉለት። ከዚያ በኋላ ወደ አካይያ ሊሄድ ሲነሳ ወንድሞች ደብዳቤ ጻፉለት፤ ተቀበሉት ብለው። ቀጥሎ በቆሮንቶስ እናገኘዋለን። ልብ በሉ፤ ስጦታው የታወቀ ነበር፤ ተሰማ፣ ጎደሎው ተገኘ፣ ታረመ፣ ከዚያ ተጻፈለት። እኛ በኮሚቴ ተቀምጠን የምንሠራው ከዚህ አይዘልም።

ጳውሎስ ራሱም ደብዳቤ ጻፊ ነበር። ሮሜ 16 የሚጀምረው ፌቤን አደራ በማለት ነው። ይህች «አደራ» የምትል ቃል ትልቅ ቃል ናት። አደራ የሚል ሰው ስሙን ያስይዛል። ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ማን ይውሰድ ሲባልም ጳውሎስ ብቻውን አልተሸከመውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ነግሮናል፦ ማንም እንዳይነቅፈን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። «ጌታ ያውቀኛል» ማለት ብቻውን ይበቃል ቢባል ኖሮ ይህን ማለት ከጳውሎስ በላይ የሚገባው አልነበረም። አላለውም።

አንድ ጥቅስ ደግሞ ጸሐፊው ፈጽሞ አላነሱትም። የሐዋርያት ሥራ 15፥24 ነው። ከኢየሩሳሌም ወጥተው የአንጾኪያን ሰዎች ያወኩ አስተማሪዎች ነበሩ። ሐዋርያቱና ሽማግሌዎቹ በደብዳቤ ምን አሉ? ከእኛ የወጡ ናቸው፤ እኛ ግን አላዘዝናቸውም አሉ። ቀጥለውም ይሁዳንና ሲላስን በስም ጠርተው ልከናቸዋል አሉ። የላክነው ይኸው፣ ያልላክነው ያኛው። እኔ የማውቀው የመጀመሪያው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ይህ ነው።

ነገሩ ሐዋርያት ካለፉ በኋላም አልተቋረጠም። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን መመሪያ ስለ ተጓዥ ሰባኪዎች ያወጣው ደንብ በጣም ያስገርመኛል። እንግዳው እንደ ጌታ ይከበር ይላል። አንድ ቀን ይቀመጥ፤ ካስፈለገም ሁለት። ሦስት ቀን ከተቀመጠ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ ከሚሆን እንጀራ በቀር አይውሰድ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ የሚናገር ሁሉ ነቢይ አይደለም፤ የጌታ መንገድ ከታየበት ነው እንጂ። ይህን የጻፉት ሰዎች መንፈስ ቅዱስን የሚያጠፉ ቢሮክራቶች አልነበሩም። ተታልለው የተማሩ ሰዎች ይመስሉኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ጥሪ ከእግዚአብሔር ነው፤ የሰው ኮሚቴ ምን ይጨምርበታል? ይላሉ ጸሐፊው። ገላትያ 1ን ይጠቅሳሉ፤ ጳውሎስ ሐዋርያ የሆነው ከሰዎች ወይም በሰው እንዳልሆነ።

ልክ ናቸው። ኮሚቴ አይጠራም። ኮሚቴ ማንንም አይቀባም። እኔ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት አንድም ሰው «ጠርተንሃል» ብለን አናውቅም። ግን ገላትያ 1 ላይ የቆመ ሰው ገላትያ 2ንም ያንብብ። ያው ከሰው አልተጠራሁም ያለው ጳውሎስ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የሚሰብከውን ወንጌል በዋኖቹ ፊት አቅርቧል። በከንቱ እንዳልሮጥ ብሎ ነው። እነ ያዕቆብም ቀኝ እጃቸውን ሰጡት። የኅብረት ቀኝ እጅ ይለዋል መጽሐፉ። እጁን መቀበሉ ጥሪውን አላሳነሰበትም።

ከዚያም በፊት በርናባስ ነበር። ሳውል ከደማስቆ መንገድ በኋላ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት። ጌታን በእውነት አይቷል፤ ጥሪው እውነተኛ ነው፤ ግን እነሱ በምን ይወቁ? ትናንት ያሳድዳቸው የነበረ ሰው ነው። በርናባስ ያዘውና ወደ ሐዋርያት አገባው፤ ምን እንዳየና እንዴት እንደ ሰበከ ተረከላቸው። ጥሪ ለተጠራው ሰው ይታወቀዋል። በጎቹ ግን የሰውን ልብ አያዩም። ማስረጃ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። የእኔ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ወረቀቱ አገልጋዩን ለማክበር አልተጻፈም፤ በጎቹን ለመጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የታላላቆቹ ምሳሌ ነው። ጸሐፊው እንግሊዛውያኑን ሰባኪዎች ጆን ባንያንንና ቻርልስ ስፐርጀንን፣ አሜሪካዊውን ወንጌላዊ ዲ. ኤል. ሙዲንም ይጠራሉ። ይህን ክፍል ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት፤ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ታሪካቸው ሲሞላ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚወስደን።

ባንያን በ1660 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የታሰረው ያለ ፈቃድ በመስበኩ ነው፤ እውነት ነው። ወደ 12 ዓመት ገደማ ታስሯል። ግን የከለከለው መንግሥት ነው። የራሱ ጉባኤ በጸሎትና በጾም ለስብከት ለይቶታል። በ1672 ደግሞ መጋቢያቸው አድርገው መርጠውታል። ባንያን ያለ ሰው ምስክርነት የሮጠ ሰው አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ምስክርነት ይዞ ከመንግሥት ጋር የተጋፈጠ ሰው ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ስፐርጀን ሥርዓተ ሹመት አልተቀበለም፤ ማዕረግም አልወደደም። ግን በ1856 የመጋቢዎች ኮሌጅ ከፈተ። ለመግባት የሚመጡትን እየመረመረ ለአገልግሎቱ የሚሆኑ ያልመሰሉትን ይመልስ ነበር፤ ተጠርተናል ቢሉም። ሙዲም አልተሾመም። ነገር ግን ከመዝሙር መጽሐፎቹ የሚገኘው ከፍተኛ ገቢ በእሱ እጅ እንዳያልፍ ለባለአደራዎች አስረክቧል። እሱም በሰው ፊት መልካም የሆነውን አስቧል። ወረቀት የሌለው ሰው ራሱን ለሰዎች ዓይን ካጋለጠ ከእኔ ጋር ክርክር የለውም። ችግሩ የሙዲን ወረቀት አልባነት ወስዶ የሙዲን ባለአደራዎች የሚተው ሰው ነው።

ጸሐፊው ያልጠሯቸውን ሰዎች ደግሞ እኔ ልጨምር። በ1914 በአርካንሳስ፣ ሆት ስፕሪንግስ የተሰበሰቡትን 300 ያህል የጴንጤቆስጤ ሰዎች። ከእነሱ በላይ ድርጅት የሚባል ነገር የሚፈራ አልነበረም። ብዙዎቹ ከየቤተ ክርስቲያናቸው የተባረሩ ናቸው። መንፈስ ቅዱስን ኮሚቴ ያጠፋዋል ብለው ያምኑ ነበር። እነዚህ ሰዎች ናቸው ተሰብስበው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድን የመሠረቱትና ለአገልጋዮች ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመሩት። ማንም አላስገደዳቸውም። መነቃቃቱ ሲሰፋ ማን ከማን እንደሆነ መለየት አቃተ፤ ማንም ተነስቶ በስማቸው ይሰብክ፣ በስማቸውም ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ወረቀትን ከሚጠላ ሰው የወጣ ወረቀት ስለሆነ ይህ ታሪክ ከብዙ ክርክር በላይ ያሳምነኛል።

አራተኛው ነጥብ ማዕረግ አሳዳጅነት ነው። እዚህ ላይ የምጨቃጨቀው የለኝም። ከስሙ በፊት የሚለጠፈውን ቃል ለማስረዘም ብቻ የሚያመለክት ሰው አይቻለሁ። ማቴዎስ 23 ለእሱ በግልጽ ተጽፏል። መፍትሔው ግን ማመልከቻውን አለመቀበል ነው። ሁላችንንም ያለ ጠያቂ መተው አይደለም። ወረቀት በሌለበትም ቦታ እኮ ማዕረጉ አልቀረም፤ እንዲያውም ሰው ራሱን በራሱ ይሾማል።

የዓመታዊ ክፍያና የእድሳትን ነገርም አንስተዋል። ክፍያው አገልጋዩን የሚያስጨንቅ ከሆነ ይቀነስ፤ ለማይችለውም ይቅር። እድሳቱ ግን ይቆይ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው የጆን ዌስሊ ሰባኪዎች አብዛኞቹ ያልተሾሙ ተራ ሰዎች ነበሩ። በ1746 በተደረገው ጉባኤ እነሱን ለመመርመር የተቀመጡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ጸጋ አላቸው? ስጦታ አላቸው? ፍሬ አላቸው? ከዚያም የያንዳንዱ ሰባኪ ስም በየዓመቱ እየተነሳ ይታይ ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት ደህና የነበረ ሰው ዛሬም ደህና ነው ማለት አይቻልም።

አምስተኛው ነጥብ ይበልጥ የሚከብደው ነው። አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይዋን ታውቀዋለች፤ ከሩቅ ያለ የኅብረት ቢሮ ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ።

ለዚህ መልሴ አንድ ታሪክ ነው። ከዓመታት በፊት ሽማግሌ ሆኜ በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰባኪ መጣ። ያኔ በየትኛውም ኅብረት አልታቀፍንም፤ ለብቻችን ነበርን። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱሱ ጠርዝ ጠርዙ በጥቃቅን ጽሑፍ የተሞላ ነበር። ሲሰብክ ያስለቅሳል። በሦስተኛው ሳምንት የሁላችንንም ስም፣ የልጆቻችንን ስም ሳይቀር ያውቃል። ሽማግሌዎች ተሰብስበን አወራን። «መንፈሱ ይታወቃል» አልን። ከየት መጣህ አላልነውም። ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ያን የመሰለ ሰው መጠየቅ አለማመን መሰለን። መድረኩን ሰጠነው።

በስምንተኛው ወር አንዲት እናት ቤቴ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አወጡ። በእርሳስ ቀን እየጻፉ፣ ከቀኑ ጎን ገንዘብ እየጻፉ ሞልተውታል። ለአገልግሎት መኪና መግዣ ብሎ በየጊዜው የወሰደባቸው ነው። ሰጥተው ሰጥተው ያስቀመጡት ሲያልቅ መልሱልኝ አሉት። በተቀባ ሰው ላይ እጅ ማንሳት መርገም ያመጣል አላቸው። ወረቀቱን ሲዘረጉልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ መርገሙ ነው ያስፈራቸው።

እያደር ስንጠይቅ እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ታወቀ። በዚያው ሳምንት ሰውየው ሄደ። እኔ ቀድሞ ያገለግል ነበር የተባለበትን ቦታ አፈላልጌ ስልክ አገኘሁ። ደወልኩ። አንድ ሽማግሌ አነሱ። ስሙን ስጠራላቸው ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ወንድሜ፣ ማንም አልጠየቀንም እኮ» አሉኝ።

እነሱም ያው ደርሶባቸዋል። ያቺ አጥቢያ ታውቀው ነበር። እኛ ደግሞ ከእነሱ ስላልተገናኘን አናውቀውም ነበር። አንዲት አጥቢያ የምታውቀው ከእሷ በር እስከገባ ድረስ ነው። ሰውየው ግን መንገድ ያውቃል። በሦስተኛው ወር በሌላ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ ሰማን። ደወልንላቸው፤ ምቀኞች ናችሁ አሉን። እነሱ ላይ አልፈርድም። እኛም ብንሆን ያንኑ እንል ነበር።

ኅብረት የሚሰጠው ወረቀት ይህን በር ነው የሚዘጋው። ሁሉንም አይዘጋም፤ ይህን ይዘጋል። ስም ዝርዝር አለ። ከአገልግሎት የታገደ ሰው ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ለሌሎቹም ይነገራል። አዲስ ሰው ሲመጣ የሚደወልለት ስልክ አለ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፣ ወረቀት ያላቸውም ይወድቃሉ የሚል ነው። ይወድቃሉ። አንድም ቃል አልክድም። ግን ጥያቄው ከወደቁ በኋላ ምን ይሆናል ነው። በ1988 ጂሚ ስዋጋርት በዓለም ላይ ከታወቁት የቴሌቪዥን ሰባኪዎች አንዱ ነበር። ኃጢአቱ ሲገለጥ አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ለአንድ ዓመት ከመድረክ እንዲርቅ ወሰነ። እሱ አልቀበልም ሲል የአገልጋይነት ዕውቅናውን ነጠቁት። ከእሱ አገልግሎት ለሚስዮን የሚገባው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም። ቢሆንም ነጠቁት። ከዚያ በኋላ መስበኩን በግሉ ቀጠለ፤ ያንን ማንም ሊከለክለው አልቻለም። ግን ኅብረቱ ለምእመኑ ሁሉ፣ ይህ ሰው ከእንግዲህ በእኛ ስም አይቆምም ብሎ በግልጽ ተናገረ። ይህን መናገር የሚችለው ቀድሞ በስሙ ያቆመ ብቻ ነው።

ከሹመት የወረደ ሁሉ ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም። አንድ ወንድም ትዝ ይለኛል። በኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሁሉን ተናዘዘ። የአገልጋይነት መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ገፋው። ማንም ስጠን አላለውም። ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በየወሩ ከሁለት መጋቢዎች ጋር ይገናኝ ነበር፤ ባለቤቱም ስለ እሱ ትጠየቅ ነበር። ዛሬ እያገለገለ ነው። መታወቂያውን የመለስንለት ቀን ከሾምንበት ቀን ይልቅ ያስለቀሰን ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ሊጠቅሱት ግን የሚገባቸውን አንድ ነገር እኔው ላንሳባቸው። ወረቀት ውሸት ሲናገር ከወረቀት አልባነት ይከፋል። ሲያጠፋ የተገኘን ሰው ገበናው እንዳይወጣ ተብሎ በጥሩ መሸኛ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አለ። ዘመድ ስለሆነ የሚፈረምለት አለ። በምርመራው ቀን አምስት ደቂቃ ተጠይቆ የሚያልፍ አለ። ይህ ሁሉ በኅብረቶቻችን ውስጥ ይደረጋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከእኛ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ አገልጋይ የመሸኛ ደብዳቤ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ሰውየው በቤቱ ውስጥ ቁጡ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ይፈሩታል። አውቃለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ትጉህ ነው፣ ቃሉን ይወዳል ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ያልጻፍኩት ነው ውሸቱ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በአራተኛው ቀን ለተቀባዮቹ ሽማግሌዎች ደውዬ የተውኩትን ነገርኳቸው። ለእሱም ደውዬ እንደነገርኳቸው ነገርኩት። በጣም ተቆጣ። ለአንድ ዓመት ያህል አላናገረኝም። እነሱ ግን ከመድረኩ በፊት ከቤቱ ጉዳይ ጀመሩ። ስለዚህ ጸሐፊው ኅብረቶች ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ቢሉን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን ይላል። ፈጥነህ ነው ያለው፤ ከቶ አትጫን አላለም።

ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። አንድ ነገር ፈለግሁበት። ስለ አገልጋዩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጥሪው፣ ስለ ነጻነቱ፣ ስለ ክብሩ። ስለ ተበደለው ሰው ግን አንድ መስመር የለም። ያቺን እርሳስ የተጻፈባትን ወረቀት ይዘው የመጡት እናት ቤቴ ተቀምጠው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ልጄ፣ ለማን ልናገር?» አሉ። እኔ ሽማግሌ ነበርኩ። መልስ አልነበረኝም። ሰውየውን የላከው አካል አልነበረምና የሚከሰስበት ቦታም አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ለወጣቱ ደወልኩለት። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቶ የመጨረሻውን ገጽ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። አነበበልኝ። ማንም ሰው በእኔ ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ ኅብረቱ እንዲሰማውና እንዲመረምረው ፈቅጃለሁ ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለ። ሌሎቹን ገጾች ሁሉ ሞልቷቸዋል። እሷን ቦታ ግን ገና አልፈረመባትም ነበር። ስለ እኚያ እናት ነገርኩት። ለጊዜው ምንም አላለኝም። «ጋሼ፣ ማታ እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።